ጨቅላው ሲያቀረሽ አንገቱ ምን አጠፋ?

የአንባቢያን ጥያቄ እና የሕፃናት ሐኪም መልስ

ጥያቄ፦ የተከበሩ ዶክተር፣ ጤና ይስጥልኝ። ከባለቤቴ ጋር የምንኖረው በአሜሪካ፣ ቨርጂኒያ ውስጥ ነው። የመጀመሪያ ልጃችን አሥራ አንድ ሳምንት ሞልቶታል። ከሦስተኛው ሳምንት ጀምሮ በጠባ ቁጥር ያቀረሻል፤ አንዳንዴ ከጠባ ከግማሽ ሰዓት በኋላ እንኳ የረጋ ወተት ያወጣል። ሲጠባ ጀርባው ወደ ኋላ ይወጠራል፤ አንገቱንም ወደ አንድ ጎን ያዞራል። ከምሽቱ አሥራ ሁለት ሰዓት በኋላ ደግሞ ለቅሶው አያባራም። የሕፃናት ሐኪሙ መዝኖት «ክብደቱ ጥሩ ነው፤ በጊዜ ይተወዋል» ብሎ አሰናበተን። እኛ ግን እንቅልፍ ካየን ሁለት ወር አለፈን። አንዲት የሥራ ባልደረባዬ የራሷን ልጅ አዳነልኝ ያለችውን ካይሮፕራክተር (አከርካሪን በእጁ በማስተካከል የሚያክም ባለሙያ) ጠቆመችኝና ሄድን። እሱም በጣቶቹ ዳስሶ «ሲወለድ የመጀመሪያው የአንገት አጥንት ስለተዛነፈ ወደ ጨጓራ የሚወርደውን ነርቭ ተጭኖታል፤ አሲዱ የሚመለሰው ለዚህ ነው፤ በአሥራ ሁለት ቀጠሮ ይስተካከላል» አለን። ክፍያው ከኪሳችን ነው። ባለቤቴ «የልጄን አንገት ማንም አይነካም» ብሏል። እናቴ ግን ከአዲስ አበባ በስልክ «ወጌሻ ማለት አይደል እንዴ? ምን ክፋት አለው?» ትለኛለች። የማንን ልስማ?

መልስ፦ እኅቴ፣ በዚህ ጉዳይ ባለቤትዎን ይስሙ፤ አሥራ ሁለቱንም ቀጠሮ ይሰርዙ። ሐኪማችሁ የነገራችሁ እውነት ነው፤ የሚወቀሰው ለምን እውነት እንደሆነ ሳያስረዳ በመሸኘቱ ነው። ካይሮፕራክተሩ በአንጻሩ ጊዜ ወስዶ አስረድቷችኋል፤ ያስረዳው ነገር ግን ትክክል አይደለም። ሁለት ወር ያልተኛ ወላጅ ከአጭር እውነት ይልቅ ረጅም ማብራሪያ ቢያጽናናው አልፈርድበትም። ስለዚህ እኔም ማብራሪያውን ላስረዝመው።

ምግብን ከጉሮሮ ወደ ጨጓራ የሚያወርደው ቧንቧ በአዋቂ ሰው 25 ሴንቲ ሜትር ገደማ ሲሆን፣ በአራስ ሕፃን ግን 10 ሴንቲ ሜትር ያህል ብቻ ነው። በቧንቧው የታችኛው ጫፍ እንደ ከረጢት አፍ የሚከፈትና የሚዘጋ ጡንቻ አለ። ይህ ጡንቻ በሁላችንም ዘንድ በቀን ውስጥ ብዙ ጊዜ ለጥቂት ሰከንዶች ይላላል፤ እኛ ቆመን ወይም ተቀምጠን ስለምንውል አይታወቀንም። የሕፃን ምግብ ግን ሁሉም ፈሳሽ ነው፤ ውሎውም በጀርባው ተጋድሞ ነው፤ የሚጠባውም ከሰውነቱ ጋር ሲመዛዘን ብዙ ነው። ስለዚህ ጡንቻው በላላ ቁጥር ወተቱ የመጣበትን መንገድ ይዞ ይመለሳል። በ1997 እ.ኤ.አ. የታተመ፣ በቺካጎ አካባቢ የ948 ሕፃናትን ወላጆች የጠየቀ ጥናት እንዳሳየው፣ ዕድሜያቸው ከሦስት ወር ካላለፈው ሕፃናት ግማሾቹ በቀን ቢያንስ አንድ ጊዜ ያቀረሹ ነበር፤ በአራት ወራቸው ከሦስቱ ሁለቱ፣ ከአሥር እስከ አሥራ ሁለት ወር ባለው ጊዜ ግን ከመቶው አምስቱ ብቻ ነበሩ የሚያቀረሹት። ይህ ማለት የልጅዎ ቅርሻት ከመቀነሱ በፊት ጥቂት ሊጨምር ይችላል፤ መቀመጥ ሲጀምርና ጠጠር ያለ ምግብ ሲቀምስ ግን እየተወው ይሄዳል። የቅርሻት መጠንም ዓይን ያታልላል። ሁለት የሾርባ ማንኪያ ወተት ነጠላዎ ላይ አፍስሰው ቢመለከቱት፣ ልጁ የጠባው ሁሉ የወጣ ይመስልዎታል።

አሁን ወደ አንገቱ እንምጣ። ካይሮፕራክተሩ ሳይጠቅሰው የቀረው ስም ቬገስ የሚባለው ነርቭ ነው። ይህ ነርቭ በእርግጥ እስከ ጨጓራ ይወርዳል፣ የምግብ ቧንቧንም ያዝዛል፤ እስከዚህ ድረስ ትክክል ነው። ነገር ግን ቬገስ የሚነሣው ከአንጎል ግንድ ሲሆን፣ ከራስ ቅል የሚወጣው በቅሉ ሥር ባለ ቀዳዳ በኩል ነው፤ ከዚያም ወደ አንጎል ደም ከሚያደርሰው ትልቁ የአንገት ደም ሥር ጋር በአንድ ሽፋን ተጠቅልሎ በአንገት የፊት ጎን በኩል ይወርዳል። በአከርካሪ አንጓዎች መካከል ሾልኮ የሚወጣ ነርቭ አይደለም። ስለዚህ «የመጀመሪያው አንጓ ተዛንፎ ተጫነው» የሚለው አባባል፣ ነርቩ በማያልፍበት በር ላይ መዝጊያው ተዘጋበት እንደማለት ነው። በአከርካሪ አንጓዎች ጎን ለጎን ባሉት ቀዳዳዎች ውስጥ የሚያልፍ ሌላ ነገር ግን አለ፤ እሱም ለአንጎል የኋላ ክፍል ደም የሚያደርስ የደም ሥር ነው። አንገት በድንገት ሲጠመዘዝ ሐኪሞችን የሚያሳስበን እሱ ነው።

ልጅዎ አንገቱን ማዞሩን ግን ቀላል አድርጌ አላልፈውም፤ ምክንያቱም አንገትና ቅርሻት በእርግጥ የሚገናኙበት አንድ ቦታ አለ። አሲድ ወደ ላይ ሲወጣ ጉሮሮውን የሚያቃጥለው ሕፃን ከሕመሙ ለመሸሽ ጀርባውን ይወጥራል፣ አንገቱንም ይጠመዝዛል። ይህ ሁኔታ በሕክምና ጽሑፍ ላይ በ1964 እ.ኤ.አ. የተገለጸ ሲሆን፣ ሳንዲፈር በተባለ የነርቭ ሐኪም ስም ይጠራል። የምክንያቱን አቅጣጫ ልብ ይበሉ፦ አሲዱ አንገቱን ያዞረዋል እንጂ አንገቱ አሲዱን አላመጣውም። ካይሮፕራክተሩ ያየውን አላጣም፤ ያየውን ገልብጦ አነበበው። ጭስ ያለበት ቤት ገብቶ ዓይኑ የሚያለቅስን ሰው «ቤቱ የጨሰው አንተ ስላለቀስክ ነው» እንደማለት ነው።

ከዚህ ጋር ተያይዞ ሁለት ነገር እንድትለዩ እፈልጋለሁ። መወጠሩ ከጥቢ ጋር ሳይገናኝ፣ በተለይ ከእንቅልፍ ሲነቃ፣ በየጥቂት ሰከንዱ እየተደጋገመ የሚመጣ የራስ መንቀጥቀጥ ወይም የእጅና የእግር መሰብሰብ ከሆነ፣ የሚጥል በሽታ ዓይነት ሊሆን ስለሚችል በስልክ ቀርጻችሁ በዚያው ቀን ለሐኪም አሳዩ። ሁለተኛው ደግሞ፣ ልጁ ተኝቶም ሆነ ነቅቶ፣ ጠግቦም ሆነ ርቦት ፊቱን ሁልጊዜ ወደ አንድ ጎን ብቻ የሚያደርግ ከሆነ፣ በአንገቱ ጎን ያለው ጡንቻ አጥሮ ሊሆን ይችላል። ይህ እውነተኛ የአንገት ችግር ነው፤ አንዳንዴም በጡንቻው ላይ ትንሽ እብጠት ይዳሰሳል፣ የራስ ቅሉም በአንድ በኩል ጠፍጠፍ ይላል። መድኃኒቱ ግን አጥንት ማንቋቋት አይደለም፤ የፊዚዮቴራፒ ባለሙያ የሚያሳያችሁ ቀስ ያለ የማሳሳብ እንቅስቃሴ፣ ልጁ ነቅቶ ሳለ በሆዱ ማስተኛት፣ መጫወቻውንም በማይዞርበት ጎን ማስቀመጥ ነው። በመጀመሪያዎቹ ወራት ሲጀመር ውጤቱ ያምራል።

«ታዲያ የባልደረባዬ ልጅ እንዴት ዳነ?» ይሉኝ ይሆናል። የሕፃናት ለቅሶ ስድስተኛው ሳምንት አካባቢ ጫፍ ላይ ደርሶ በሦስተኛውና በአራተኛው ወር ይበርዳል። ወላጆች ወደ ካይሮፕራክተር የሚሄዱት የባሰባቸው ጊዜ ላይ ነው፤ ከባሰው ቀጥሎ የሚመጣው ደግሞ መሻል ነው። አሥራ ሁለት ቀጠሮ ስድስት ሳምንት ያህል ከፈጀ፣ ልጁ በእናቱ ክንድ ብቻ ቢቆይም ይሻለው ነበር። ይህን የሚያሳይ ጥናት በኖርዌይ ተደርጎ በ2001 እ.ኤ.አ. ታትሟል። ያለ ምክንያት አብዝተው የሚያለቅሱ 86 ሕፃናት በዕጣ ለሁለት ተከፈሉ፤ የአንደኛው ወገን አከርካሪያቸው በካይሮፕራክተር ታከመ፣ የሌላው ወገን ሕፃናት ደግሞ በነርስ እጅ ለአሥር ደቂቃ ታቅፈው ወጡ፤ ወላጆቹም ልጃቸው ከየትኛው ወገን እንደገባ አልተነገራቸውም። ከታከሙት 70 በመቶ ያህሉ፣ ከታቀፉትም 60 በመቶ ያህሉ እንደተሻላቸው ወላጆቹ ተናገሩ፤ ልዩነቱም ከአጋጣሚ የሚለይ አልነበረም። ጥናቱ ስለ ለቅሶ እንጂ በቀጥታ ስለ ቅርሻት አለመሆኑን መናገር ተገቢ ነው። ስለ ቅርሻት የሚጠቀሱት ጽሑፎች ግን በአብዛኛው የአንድና የሁለት ሕፃናትን ታሪክ የሚተርኩ በመሆናቸው ከዚህም ያነሰ ክብደት አላቸው።

ካይሮፕራክተሮች «በሕፃን ላይ የምንጠቀመው የበሰለ ቲማቲም የመፈተሽ ያህል ግፊት ብቻ ነው» ይላሉ፤ ብዙዎቹም እንዳሉት ያደርጋሉ ብዬ አምናለሁ። ግን እንዲህ ከሆነ ያ ጣት የተዛነፈ አጥንት ወደ ቦታው አይመልስም። አጥንት ለማንቀሳቀስ የሚበቃ ኃይል ከሆነ ደግሞ በዚህ ዕድሜ መደረግ የለበትም፤ የጨቅላ ራስ የቁመቱን ሩብ ያህል ይይዛል፤ የአንገቱ ጡንቻ ደካማ፣ ጅማቶቹ የላሉ፣ የአንጓዎቹም ብዙው ክፍል ገና ለጋ አጥንት ነው። በኔዘርላንድ በ2009 እ.ኤ.አ. የታተመ አንድ የሕክምና ዘገባ፣ አንገቷ በእጅ ሕክምና ወቅት አለቅጥ ታጥፎ በመቆየቱ ትንፋሿ የተቋረጠባትንና የሞተችውን የሦስት ወር ሕፃን ታሪክ መዝግቧል። ያከማት ሰው ካይሮፕራክተር አልነበረም፤ እንዲህ ያለ አደጋም እጅግ ብርቅ ነው። ሆኖም ጥቅሙ ዜሮ ለሆነ ነገር ብርቅ አደጋም ይበዛበታል።

እናትዎ ያነሡት የወጌሻ ነገር የሚያስቅ ቢመስልም ጥሩ ንጽጽር ነው። ደህና ወጌሻ የሚጠራው ወለምታና ውልቃት ሲኖር ነው፤ ወድቆ እጁ ያበጠ ሰው ፊቱ ቀርቦለት ይዳስሳል፣ ያሻል፣ ያስራል። ለቃርና ለሆድ ሕመም አንገት ላቃና የሚል ወጌሻ ግን አላጋጠመኝም። ካይሮፕራክቲክ በአንጻሩ ከመጀመሪያው ሰፊ ተስፋ ይዞ የተነሣ ሙያ ነው። መሥራቹ ዳንኤል ዴቪድ ፓልመር በ1895 እ.ኤ.አ. በአሜሪካ፣ አዮዋ ግዛት፣ ዳቬንፖርት ከተማ ውስጥ የአንድ ጆሮው የሚከብደውን የሕንፃ ጽዳት ሠራተኛ አከርካሪ አስተካክዬ ጆሮውን አዳንኩ ብሎ ጀመረ፤ ከዚያም አብዛኛው በሽታ የሚመጣው ከአከርካሪ መዛነፍ ነው ወደሚል ትምህርት ደረሰ። የዛሬዎቹ ካይሮፕራክተሮች ብዙዎቹ ከወገብ ሕመም ሕክምና አያልፉም፤ በዚያም ላይ ተገቢ ቦታ አላቸው። የእርስዎ ልጅ የገጠመው ግን የድሮውን ትምህርት የያዘውን ነው።

ታዲያ ምን ይደረግ? በመጀመሪያ ሚዛኑን ይጠይቁ። በዚህ ዕድሜ ያለ ሕፃን በቀን ከ20 እስከ 30 ግራም የሚጨምር፣ በቀን ስድስት ያህል ዳይፐር በሽንት የሚያርስ ከሆነ ቅርሻቱ የልብስ አጣቢ ችግር እንጂ የልጁ ችግር አይደለም። ሲጠባ በየመሐሉ ያስገሱት፤ ከጠባም በኋላ ሃያና ሠላሳ ደቂቃ ትከሻዎ ላይ ቀጥ አድርገው ይያዙት። ወዲያው ወደ መኪና ወንበር አይመልሱት፤ እዚያ ውስጥ ሲጎብጥ ሆዱ ይታጠፍና ቅርሻቱ ይብሳል። በጡጦ የሚጠባ ቢሆን ኖሮ መጠኑን ቀንሶ ደጋግሞ መስጠት ይመከር ነበር። ወተቱን በአጃ ዱቄት ማወፈር የሚባለው ዘዴም ለጡጦ ወተት እንጂ ለእናት ጡት አይሠራም፤ ከጡት የታለበ ወተት ውስጥ ያለ ኢንዛይም ዱቄቱን ይፈጭና መልሶ ያቀጥነዋል።

ይህ ሁሉ ካልረዳውና ልጁ በእርግጥ የሚሠቃይ ከሆነ፣ ከሐኪሙ ጋር ተነጋግራችሁ ልትሞክሩት የሚገባው ነገር የላም ወተት ፕሮቲንን ከእርስዎ ማዕድ ለሁለት እስከ አራት ሳምንት ማውጣት ነው። የላም ወተት ፕሮቲን የማይስማማው ሕፃን ልክ እንደ አሲድ ሕመምተኛ ያቀረሻል፣ ይወጠራል። ለፈረንጅ እናት ይህ ትልቅ ጣጣ ነው፤ የእኛ ሰው ግን የጾም ምግብ የሚባል ሙሉ ማዕድ አለው። ሽሮው፣ ምስሩ፣ ክኩ፣ ጎመኑ በዘይት ከተሠራ ችግሩ ተፈታ ማለት ነው። ችግሩ ያለው አራስ ጥየቃ የሚመጣው እንግዳ ጋር ነው፤ ገንፎው መሐሉ ላይ በቅቤ ተሞልቶ ይመጣልና ለሳምንታቱ ያለ ቅቤ እንዲሠራልዎ አስቀድመው ይናገሩ። ጾም እንዲጾሙ ግን አላልኩም፤ ሥጋውንና ዕንቁላሉን ይብሉ፣ ረሃብ ለእርስዎም ለወተቱም አይበጅም። ለውጥ ከሌለ ወደ ቀድሞው ማዕድ ይመለሱ።

መድኃኒትስ? እዚህ ላይ የራሴን ሙያም መውቀስ ይኖርብኛል። ጤናማና ክብደት የሚጨምር ሕፃን ስላለቀሰና ስላቀረሸ ብቻ የአሲድ መከላከያ መድኃኒት በማዘዝ እኛ ሐኪሞች ብዙ ጊዜ እናበዛለን። በ2009 እ.ኤ.አ. የታተመ ጥናት ላንሶፕራዞል የሚባለውን መድኃኒት በ162 ሕፃናት ላይ መድኃኒት ከሚመስል ግን ምንም ከሌለበት ማስመሰያ ጋር አወዳድሮ፣ በሁለቱም ወገን 54 በመቶው እንደተሻላቸው አገኘ፤ መድኃኒቱን የወሰዱት ደግሞ የሳንባ ኢንፌክሽንን የመሰሉ ከባድ ችግሮች በብዛት ገጠሟቸው። መድኃኒቱ የሚያስፈልጋቸው ሕፃናት አሉ፤ ያ ግን በሐኪም ምርመራ የሚለይ፣ ጊዜውም የሚገደብ ነገር ነው።

ስለ መኝታ አንድ ቃል። የሚያቀረሽ ሕፃንም በጀርባው፣ ምንም ባልተከመረበት ደልዳላ ፍራሽ ላይ መተኛት አለበት፤ ትራስ አስገብቶ አልጋውን ማዘንበል ቅርሻቱን አይቀንሰውም። ብዙ እናቶች «በጀርባው ቢተኛ ይታነቃል» ብለው ይፈራሉ። በጀርባ ሲተኙ የአየር ቧንቧ ከላይ፣ የምግብ ቧንቧ ከታች ስለሚሆን የተመለሰው ወተት ወደ አየር ቧንቧ ለመግባት ሽቅብ መውጣት ይኖርበታል፤ በሆድ ሲተኙ ነው ቦታው የሚገለባበጠው። በአሜሪካ የዘነበሉ የሕፃን መኝታዎች እንዳይሸጡ በ2022 እ.ኤ.አ. በሕግ ታግደዋል፤ ከዘመድ የተላለፈ ካላችሁ አውጥታችሁ ጣሉት።

ሳትውሉ ሳታድሩ ወደ ሆስፒታል የምትሄዱበትንም ልንገራችሁ፤ የሚያስመልሰው አረንጓዴ ከሆነ፣ ደም ወይም የቡና አተላ የመሰለ ነገር ከቀላቀለ፣ ወተቱ እየተስፈነጠረ በየጥቢው የሚወጣና ልጁ ወዲያው ደግሞ የሚርበው ከሆነ፣ ትኩሳቱ 38 ዲግሪ ከደረሰ፣ እርግብግቢቱ ካበጠ፣ ሽንቱ ካነሰ፣ ትንፋሹ ከተቆራረጠ ወይም ከንፈሩ ከጠቆረ አትቆዩ። የተስፈነጠረው ትውከት ከሁለተኛው እስከ ስምንተኛው ሳምንት ባለው ጊዜ ሲመጣ፣ በተለይ በወንዶች ልጆች ላይ፣ የጨጓራ መውጫ ጡንቻ ወፍሮ መጥበቡን የሚያመለክት ሊሆን ይችላል፤ እሱም በትንሽ ቀዶ ሕክምና ይድናል። የአንገት ሕክምና ከሚያስከትለው ጉዳት ሁሉ እኔ አብዝቼ የምፈራው ይህንን ነው፦ ወላጆች የስድስት ሳምንት ቀጠሮ ሲጠብቁ እውነተኛው በሽታ ይገፋል።

ጥያቄ፦ ዶክተር፣ የምጽፍልዎ ከሜልበርን፣ አውስትራሊያ ነው። እዚህ ካይሮፕራክተሮች ሁለት ዓመት ያልሞላውን ልጅ አከርካሪ እንዳያክሙ ታገዱ፤ ተፈቀደ ተባለ፤ ተመልሶ ታገደ። የመጀመሪያ ልጄን ወስጃት ምንም አልሆነችም። ካልጎዳ ለምን ይከለከላል?

መልስ፦ ወንድሜ፣ ነገሩ የተጀመረው አንድ የከተማችሁ ካይሮፕራክተር የሁለት ሳምንት ሕፃን በእግሩ ዘቅዝቆ ሲያክም የሚያሳይ ቪዲዮ በ2018 እ.ኤ.አ. ከተሠራጨ በኋላ ነው። በመጋቢት 2019 እ.ኤ.አ. የሙያው ቦርድ ራሱ ከሁለት ዓመት በታች ላሉ ልጆች አከርካሪን ማንቀሳቀስ እንዲቆም አዘዘ፤ የቪክቶሪያ ግዛትም ገለልተኛ ግምገማ አስደረገ። ግምገማው ሁለት ነገር አገኘ፤ እርስዎ የያዙት አንዱን ብቻ ነው። የጉዳት ማስረጃ እጅግ ጥቂት ነው፤ የጥቅም ማስረጃም እንዲሁ የለም ለማለት ይቻላል። በዚያው ግምገማ ከ20,000 የሚበልጡ ወላጆች አስተያየት ሰጥተው አብዛኞቹ ልጃችን ተሻለው አሉ፤ በኖርዌይ ታቅፈው የወጡት ሕፃናት ወላጆችም ልጃችን ተሻለው ማለታቸውን ግን ከላይ ጽፌያለሁ። ቦርዱ በኅዳር 2023 እ.ኤ.አ. እገዳውን ሲያነሣ የጤና ሚኒስትሮች ተቃወሙ፣ በሰኔ 2024 እ.ኤ.አ. እገዳው ተመለሰ።

ክልከላው ጉዳት ስለበዛ አይደለም። ሕፃን «ይበቃኛል» ወይም «አመመኝ» ማለት አይችልም፤ አዋቂ ሰው ለወገቡ ራሱ መርጦ ሲገባ ሌላ ነገር ነው። በብሪታኒያም በ2008 እ.ኤ.አ. ሳይመን ሲንግ የተባለ የሳይንስ ጸሐፊ፣ ካይሮፕራክቲክ ለሕፃናት ለቅሶና ለአመጋገብ ችግር ይረዳል የሚለው ማስረጃ የለውም ብሎ በመጻፉ የአገሪቱ የካይሮፕራክተሮች ማኅበር በስም ማጥፋት ከሰሰው። በሚያዝያ 2010 እ.ኤ.አ. ማኅበሩ ክሱን አነሣ። ማስረጃ ያለው ወገን ከፍርድ ቤት ይልቅ ማስረጃውን ቢያቀርብ ይቀለው ነበር ባይ ነኝ።

ጥያቄ፦ ዶክተር ልጄ፣ እንደምን አለህ? የልጅ ልጄ ሦስት ወሩ ነው፤ ያቀረሻል። እንጥሉ ወርዶ ይሆናል፣ እናስቆርጠው ብል ምራቴ እምቢ አለችኝ። እሺ፣ ቢያንስ ወጌሻ አንገቱን በቅቤ አሽቶ ያቃናው ብል እሱንም ከለከለችኝ። አጠፋሁ ወይ? ከአዲስ አበባ።

መልስ፦ እናቴ፣ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነኝ። ያሰቡት ለልጁ ነውና አላጠፉም፤ ምራትዎ ግን ልክ ናት። እንጥል ከቅርሻት ጋር ምንም የሚያገናኘው ነገር የለም፤ ቢቆረጥ ግን ደም ይፈስሳል፣ ያመረቅዛል፣ ምላጩም ሌላ በሽታ ያስተላልፋል። የ1996 ዓ.ም. የወንጀል ሕጋችንም እንጥል መቁረጥንና ለአራስ ቅቤ ማዋጥን ከጎጂ ልማዳዊ ድርጊቶች ቆጥሯቸዋል። አንገቱ አልተጣመመምና የሚቃና ነገር የለውም፤ ወጌሻውን ለወለምታ ያቆዩት።

ለእርስዎ የሚሆን ሥራ ግን አለ፤ እንዲያውም ከሁሉ የሚበልጠው እሱ ነው። እናቱ አጥብታ ስትጨርስ እርስዎ ይቀበሏት፣ አገጩን ትከሻዎ ላይ አድርገው፣ አንገቱንና ራሱን በመዳፍዎ ደግፈው፣ እስኪያገሳ ጀርባውን መታ መታ ያድርጉት፤ ከዚያም ግማሽ ሰዓት ያህል እንደያዙት ይንቆራጠጡ። ወዲያው እንደጠባ በአንቀልባ አጥብቀው አይዘሉት፤ ሆዱ ሲጫን ይመልሰዋል። ማሸት ከፈለጉ ከመጥባቱ በፊት፣ ሲታጠብ፣ እግሩንና ክንዱን በለስላሳ እጅ ያሹት፤ ደስ ይለዋል፣ ምራትዎም አትከለክልም። ቅቤ ግን በአፉም በአፍንጫውም አይግባ፤ ወደ ሳንባ የወረደ ቅቤ በቀላሉ የማይድን የሳንባ ምች ያመጣል።